ልብስ የተሰፋለት ሬዲዮ

እኛ ሰዎች ውድ ዕቃ ስንገዛ መጀመሪያ የምናደርገው ምን እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መጠቀም እንዳይመስላችሁ። መሸፈን ነው። ሶፋው ላስቲክ ይለብሳል፣ ሬዲዮው ዳንቴል ይለብሳል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ባለ ጥልፍ መጋረጃ ይወርድበታል፤ የግድግዳ ሰዓት እንኳ ሳይቀር ግንባሩ ላይ ጨርቅ ጣል ይደረግበትና ሰዓት ለማየት መጀመሪያ ጨርቅ መግለጥ ግዴታ ይሆናል። አንድ ወዳጄ ማቀዝቀዣ ገዝቶ ከነካርቶኑ ሳሎኑ ውስጥ አቁሞት ከረመ። ለምን እንደማይከፍተው ብጠይቀው "ቤቱን ይልመድ ብዬ ነው" አለኝ። ሰውየው የተማረ ነው።

የምንሸፍነው ከአቧራ ብቻ ቢሆን ኖሮ መወልወያ ይበቃ ነበር። የምንሸሽገው ከዓይን ነው። ጎረቤት አይቶ እንዲቀናብን እንፈልጋለን፣ በዓይኑ እንዲበላብን ግን አንፈልግም፤ ስለዚህ ዕቃው መኖሩ በሰፈሩ ሁሉ ይታወቃል፣ ዕቃውን ግን ያየው የለም። እኔ በዚህ ነገር ዕድሜ ልኬን ስስቅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አብዝቼ የምስቀው ደግሞ በሬዲዮ ልብስ ነው። መብት አለኝ። በአንድ ሬዲዮ ልብስ ምክንያት አንገቴ ገመድ ውስጥ ከመግባት ለጥቂት ነው የተረፈው።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ኮልፌ ነው። የዛሬውን ኮልፌ፣ ገበያውንና ግፊያውን ለጊዜው እርሱት። ያኔ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃና አጥር ነበር፤ በመካከሉ ደግሞ ጣሊያኖች ወደ ምዕራብ የሚወጣውን መንገድ ሲሠሩ የከፈቱት ጋራዥ። ጋራዡ ሞተር ነበረው፣ ሞተሩ መብራት ያወጣል፤ ከዚያ መብራት አንዲት ሽቦ አጥር ለአጥር እየዘለለች ባሻ ንጋቱ ቤት ትገባለች። በሰፈሩ ኤሌክትሪክ የገባለት እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቻችን ኩራዛችንን ይዘን ሽቦዋን ከሩቅ እናያት ነበር።

ባሻ ንጋቱ ከወረራው በፊት የአንድ ጣሊያን ነጋዴ ወጥ ቤት ነበር። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ፣ ከድስት ሥር የለቀማት ጣሊያንኛ ወርቅ ሆነችለትና አስተርጓሚ ተባለ፤ ባሻነቱንም እነሱ ጨመሩለት። የሚያውቀው ቃል ሁሉ የማጀት ስለሆነ ሹሙ ሲቆጣ "ፈልቷል" ይለናል፣ ሲታረቅ "በርዷል" ይለናል፤ አንድ ቀን ስለ መሬት የወጣ ረጅም ትእዛዝ ሲነበብ አዳምጦ አዳምጦ "ጨው በዝቶበታል" ብሎ ሲያሳጥርልን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መሬታችን ይወሰድ አይወሰድ ሳናውቅ ወደየቤታችን ገባን። ይህን ሰው ያኔ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልለውም፣ አሁን ማን ያስገድደኛል። ሚስቱን ወይዘሮ አጸደን ግን ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ይገባችኋል።

እኔ መርሻ እባላለሁ። ከወረራው በፊት ቴሌግራፍ ቤት ነበርሁ። ነበርሁ ስል ቴሌግራፍ እመታ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የመጣውን ወረቀት በእግሬ እየዞርሁ ለየባለቤቱ አደርስ ነበር። ሰፈሩ ግን ልዩነቱን ከየት ያምጣው፣ "መርሻ ቴሌግራፉ" አለኝና ቀረ። እኔም አላረምሁም። ያለ ድካም የመጣ ክብር የሚመልስ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ እኔም የመጀመሪያው ለመሆን አልቸኮልሁም። መዘዙ የመጣውም በዚህ በኩል ነው።

የሰፈራችን የበላይ የነበረው ጣሊያን፣ ማጆሬ የምንለው መኮንን፣ ለባሻ ንጋቱ አንድ ሬዲዮ ሰጠው። ሬዲዮው የተሰጠው ለደስታው እንዳይመስላችሁ። በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የየቤቱ አባወራ ባሻ ንጋቱ እልፍኝ ተሰብስቦ ከሮማ የሚመጣውን የአማርኛ ወሬ እንዲሰማ ነው። ሲጀመር ብድግ ብለን ቀኝ እጃችንን ወደ ላይ እንሰነዝራለን፣ ከዚያ እንቀመጣለን፣ ከዚያ ሰውየው ይለፈልፍብናል። አማርኛውን ከማን እንደተማረ እግዜር ይወቀው፤ የምሥራች ሲናገር እንኳ መርዶ ነጋሪ ይመስላል። ዋነኛ ወሬው ሽፍቶች አለቁ የሚል ነው። ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነው። ዛሬ አለቁ ይላል፤ በማግስቱ ያለቁት ሰዎች እንደገና ያልቃሉ። እንዲህ ደጋግሞ የሚያልቅ ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

ወይዘሮ አጸደ በዚህ ጉባኤ ላይ ከጥግ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ታናሽ ወንድማቸው ደምሴ ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል። ባሻ ንጋቱ ስሙ በቤቱ እንዳይነሳ ከልክሏል፤ ለእንጀራው ፈርቶ ነው። አንድ ቀን ያ ሰውዬ፣ በሙገር በረሃ የነበሩት ሽፍቶች አንድም ሳይተርፍ ተደመሰሱ አለ። ደምሴ ያለው ሙገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም እግራችንን አየን። ወይዘሮ አጸደ ክራቸው ተበጠሰ፣ ጎንበስ ብለው ቀጠሉት፣ መፍተላቸውን ያዙ። ያን ጊዜ አዘንሁላቸው። ኀዘኔ ግን ሳምንት አልቆየም።

በሳምንቱ ሬዲዮው ልብስ ለበሰ። ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ከፊት ለድምፁ መውጫ ቀዳዳ ተትቶለታል፣ ከላይ በወርቅማ ክር የፋሺስቶች ምልክት፣ ያ መጥረቢያ የታሰረበት የበትር ነዶ፣ ከነዘውዱ ተጠልፎበታል። የጠለፉት ወይዘሮ አጸደ ናቸው። ከውስጡ የመንዝ ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ገበር አድርገውበታል፤ ለምን ቢባል ጥልፉ እንዳይሸበሸብ ነው አሉ። የወንድማቸውን ሞት በነገራቸው ሳጥን ላይ የገዳዮቹን ምልክት በወርቅማ ክር የጠለፉ ሴት፣ ምን ዓይነት ሴት ናቸው? እንዲህ እያልሁ በልቤ ተፋሁባቸው። ባሻ ንጋቱማ ደስታው ልክ አልነበረውም። ማጆሬውን ጠርቶ አሳየው። ማጆሬውም ጣቶቹን ሳመና ትእዛዝ ሰጠ፤ ሕዝብ በተሰበሰበ ጊዜ ይህ ምልክት ከሬዲዮው ላይ እንዳይነሳ አለ። ከጉባኤው በኋላ ግን ወይዘሮ አጸደ ያነሱትና አጣጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ ይቆልፉበታል።

ሬዲዮው መታመም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በደንብ ይጀምራል። ሽፍቶቹ ማለቅ ሲጀምሩ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ ጠጅ እንዳበዛ ሰው ይንተባተባል፤ ከዚያ እልም ይላል። ጠዋት ሲከፍቱት ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ሲዘፍን ያረፍዳል። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያው ነው። ባሻ ንጋቱ ሰው ላከብኝ። ሽቦ ሽቦ ነው፣ ቴሌግራፍ የሚያውቅ ሬዲዮ አያቅተውም ብሏል። እኔ ደግሞ "የማውቀው የፖስታ ቦርሳ መሸከም ነው" ማለት ሲገባኝ፣ ሳጥኑን ዞር ዞር ብዬ አየሁና እንደ ሐኪም "እህ" አልሁ። በዚች "እህ" ነው ያለቀልኝ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ድምፅ የሚቀበለው ሽቦ ነው። ሽቦው የታሰረው በጎረቤታችን በኦቦ ገመቹ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዛፉ ላይ ጭልፊት ታርፋለች፣ ስለዚህ ድምፁን የምታቋርጠው ጭልፊቷ ናት ተባለ። ባሻ ንጋቱ ኦቦ ገመቹ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንጭፍ ይዘው ከዛፉ ሥር እንዲቆሙ አዘዘ። ኦቦ ገመቹ እጅ ነሥተው ተቀበሉ። "ለመንግሥት ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል" አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጉባኤው ተገላገሉ። ጭልፊቷን አንድም ቀን ሲወነጭፉባት አላየሁም፤ እንዲያውም ጥሬ ሥጋ ይጥሉላት ነበር ይባላል። በሰፈሩ ካወቅኋቸው ብልሆች አንዱ ናቸው።

ቀጥሎ ከሬዲዮው ወጥቶ ጓሮ መሬት ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ተጠረጠረ። እርጥበት ይፈልጋል ያልሁት እኔ ነኝ፣ ቴሌግራፍ ቤት ሲያወሩ ሰምቼ ነው። አባወራው ሁሉ በየተራ ውኃ እየተሸከመ ሲያፈስበት ሰነበተ፤ ጓሮው ረግረግ ሆነ፣ የባሻ ንጋቱ በቅሎ እስከ ጉልበቷ ሰጠመች፣ ሬዲዮው ግን በሰዓቱ ዝም ማለቱን አልተወም። አንድ ሽማግሌ ጠበል እንርጭበት ሲሉ በጭንቅ አስቆምኋቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለሰው የጠቀምሁት ይህችን ብቻ ነው፣ ቢረጩት ኖሮ ሽማግሌው ከኤሌክትሪኩ አይተርፉም ነበር።

ከዚያ ከጋራዡ ጣሊያናዊው መካኒክ መጣ። መካኒኩ የመጣው በጠዋት ነው። ጠዋት ሬዲዮው ራቁቱን ነው። ጀርባውን ፈታ፣ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ አምፑሎች አንድ በአንድ አየ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ከፈተውና አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያንቧርቅ አዳመጠ። ምንም የለበትም ብሎ ወረቀት ላይ ፈረመ። ታዲያ ማታ ማታ የሚዘጋው ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ትንሽ አሰበና የሰጠው መልስ፣ የአገሬው ሰው ትንፋሽ እርጥብና መጥፎ ስለሆነ መሣሪያውን ይበክላል፣ የሚል ነበር። ሰው አምስት እርምጃ ርቆ ይቀመጥ አለ። እኛ "ዓይን በላው" ስንል አላዋቂዎች ነን፤ እሱ "ትንፋሽ በላው" ሲል ሳይንስ ነው። መፍቻ መያዙ ነው ልዩነቱ።

አምስት እርምጃ ርቀን ተቀመጥን፤ ሬዲዮው ያው ነው። ይኼኔ ወይዘሮ አጸደ ከጥጋቸው ሆነው፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ ዝግ ብለው ተናገሩ።

"ትንፋሽም አይደል፣ ዓይን ነው። ሽፋኑ ሳስቶበት ነው።"

ባሻ ንጋቱ ጭኑን መታ። ልክ ናት አለ። ሰው በሌለበት ይናገራል፣ ሰው ሲሞላ ይዘጋል፤ ዓይን ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሽፋኑ ይወፍር ተባለ። ወይዘሮ አጸደ ባናውን ሁለት እጥፍ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ቀድሞ ከሚዘጋበት ሰዓት አስቀድሞ መዘጋት ጀመረ፤ ይህም የሰፈሩ ዓይን ምን ያህል እንደከፋ ማስረጃ ሆነ።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ እኔም እስቅ ነበር፣ ማጆሬው እስኪያስጠራኝ ድረስ። የንጉሣቸው በዓል ሊከበር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በዚያ ቀን እንግዶችና ፎቶግራፍ አንሺ ይዞ ይመጣል፣ የአገሬው ሰው የሮማን ድምፅ ሲያዳምጥ ሥዕል ይነሳል። እኔ ደግሞ የሬዲዮው ጠባቂ ተብዬ ተሾምሁ፤ ቴሌግራፍ አዋቂ ነው ያለው ባሻ ንጋቱ ነው። በዚያ ቀን ከተዘጋ ያበላሸው ጠባቂው ነው ተባለ። አበላሺ የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ በኮልፌ የሚጠይቅ አልነበረም። ከእኛ ሰፈር ብቻ በአንድ የተቆረጠ የስልክ ሽቦ ምክንያት ተወስደው እስከ ዛሬ ያልተመለሱ አውቃለሁ።

አሁን የእኔን ጭንቅ አስቡት። ሬዲዮው ሞቷል፣ በሌላ ይቀየር ብዬ ባመለክት፣ ጤነኛ ነው ብሎ የፈረመውን ጣሊያን ውሸታም ማለቴ ነው። ጤነኛ ነው ብዬ ዝም ብል፣ በበዓሉ ቀን ሲዘጋ ገዳዩ እኔ ነኝ። እጠግነዋለሁ እንዳልል፣ ምኑን ልጠግነው? ሌላው ቀርቶ ቴሌግራፍ አላውቅም ብዬ እውነቱን ብናገር፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ነካካኸው ይሉኛል። ለካስ ያች በነጻ ያገኘኋት ክብር እንዲህ ስታደባልኝ ነበር። እህል አልወርድ አለኝ፣ ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሬዲዮው እንደ ልማዱ ጉባኤው ፊት ተዘጋ። ተስፋ ቆርጬ ልደባብሰው ይሁን ልለምነው አላውቅም፣ እጄን በጥልፉ ሥር አስገባሁ። እጄን አቃጠለኝ። ሳጥኑ ግሏል። ጀርባው ላይ ለማናፈሻ የተበሱት ቀዳዳዎች በሙሉ በባና ተደፍነዋል፤ አምፑሎቹ ውስጥ ውስጡን ሲነድዱ ትኩሳቱ መውጫ አጥቶ ያፍነዋል። ጠዋት የሚናገረው ራቁቱን ስለሆነ ነው። ማታ የሚዘጋው ስለታፈነ ነው። ጭልፊት የለ፣ ትንፋሽ የለ፣ ዓይን የለ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰፈር ሕዝብ፣ አንድ መካኒክና አንድ መንግሥት ያደናገረው የብርድ ልብስ ነው።

ደስታዬ ባሻ ንጋቱን ለብቻው ይዤ እስክነግረው ድረስ ብቻ ቆየ። ልብሱ ይነሳለት፣ በበዓሉ ቀን እስከ መጨረሻው ይናገራል አልሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ግራ ቀኙን አየ።

"ምልክቱን አንሳ ነው የምትለኝ? ማጆሬው አይነሳ ያሉትን፣ በእንግዳ ፊት? እኔ ይህን ቃል አልሰማሁም። አንተም አልተናገርክም።"

አያችሁልኝ? ሬዲዮው እንዲናገር ምልክቱ መነሳት አለበት፤ ምልክቱን ያነሳ ይሰቀላል። ምልክቱ ካልተነሳ ሬዲዮው ይዘጋል፤ ሬዲዮው ከተዘጋም የሚሰቀለው ያው እኔው ነኝ። የሮማን ድምፅ ያነቀው የሮማ ምልክት ራሱ መሆኑን ባውቅም፣ ይህን የምነግረው ሰው በዓለም ላይ አልነበረኝም። የቀረችኝ አንዲት ተስፋ ወይዘሮ አጸደ ነበሩ። ሄጄ በእግዜር ስም ለመንኋቸው። ልብሱ ይቅር አላልሁም፤ እትዬ፣ ከኋላው ብቻ ማንም ሳያይ ከፈት አድርገው ይተዉልኝ፣ ነፍሴ በእጅዎ ናት አልኋቸው። ዓይናቸውን ከእንዝርታቸው ሳያነሱ እሺ አሉኝ።

በዓሉ ደረሰ። ማጆሬው ሚስቶቻቸውን ያስከተሉ መኮንኖች ይዞ መጣ፣ መካኒኩም ፀጉሩን በቅባት አሲዞ አብሮ መጣ። ፎቶግራፍ አንሺው ጥልፉን ከፊት አነሳው፣ ከጎን አነሳው፣ እኛን እጃችንን እንደሰነዘርን አነሳን። እኔ እንደምንም ተጠግቼ ከሬዲዮው ኋላ አየሁ። ይከፈትልኛል ያልሁት ጀርባ በድርብ ክር ተሰፍቷል። እንደ ጆንያ አፍ ጥርቅም ተደርጎ ተሰፍቷል። ወይዘሮ አጸደን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው የሮማን ድምፅ በጥሞና ያዳምጣሉ። በሕይወቴ ሰውን የዚያን ቀን የጠላሁትን ያህል ጠልቼ አላውቅም።

ንግግሩ ተጀመረ። ስለ ንጉሣቸው ደግነት ተነገረ፣ ስለ መንገድ ተነገረ፣ ከዚያ ሽፍቶች ማለቅ ጀመሩ። ድምፁ ወፈረ። ተጎተተ። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ መጣ። ሰውየው የመጨረሻውን ሽፍታ ሳይገድለው ተዘጋ።

ማጆሬው ተነሳ። መካኒኩን አየው፣ መካኒኩ "ጤነኛ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ" አለ። ባሻ ንጋቱን አየው፣ ባሻ ንጋቱ በጣቱ እኔን አሳየው። ወደ ሬዲዮው ሄድሁ፣ ጥልፉን በሁለት እጄ ያዝሁ፤ ሞቴ ካልቀረ ልግለጠውና እውነቱን ይዩት ብዬ ነው። ይኼኔ ወይዘሮ አጸደ ከጥጋቸው ተነስተው መጡ፣ በእኔና በማጆሬው መካከል ገብተው እግሩ ላይ ወደቁ።

"ድምፁ ከብዶት ነው፣ ጌታዬ። የሮማ ድምፅ ትልቅ፣ ሳጥኑ ትንሽ። እንዲህ ያለውን ድምፅ በትንሽ ሳጥን ማሸከም ነውር ነው። ትልቅ ይስጡን።"

ባሻ ንጋቱ ተረጎመው፤ ወጡ በዝቶ ድስቱ ጠቧል ብሎ ሳይሆን አይቀርም። የማጆሬው ፊት ሲፈታ አየሁ። ሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ። ይህች የአገሬው ሴት ያወቀችውን የእኛ መካኒክ አላወቀም ብሎ መካኒኩን በሰው ፊት አዋረደው፤ ሬዲዮው በትልቅ እንዲቀየር በዚያው አዘዘ። እኔን ያስታወሰኝ የለም። የምርመራ ወረቀት፣ መፍቻና አምፑል ያልፈታውን ነገር አንዲት ሙገሳ በአፍታ ፈታችው። ለካ እነዚህ ዓለምን አሠለጠንን የሚሉ ሰዎች ሆዳቸው እንዲህ በቀላሉ የሚዳሰስ ነው። እኔ ደግሞ ነፍሴ ተርፋ እንኳ ወይዘሮ አጸደን መናቄን አልተውሁም፤ እግር ላይ መውደቅ ለምደውታል አልሁ በልቤ።

በሳምንቱ ትልቁ ሬዲዮ መጣ። ቁም ሣጥን ያክላል። እንድተክለው ተጠርቼ በጠዋት ስሄድ ባሻ ንጋቱ አልነበረም። ወይዘሮ አጸደ ክር ይዘው የሳጥኑን ቁመትና ወርድ ይለካሉ። ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

"አንተ መርሻ፣ ለዚህኛው ባናው ስንት እጥፍ ይበቃዋል ትላለህ?"

ሦስት ወር ሙሉ የሆነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ዞረብኝ። ሙገርን አሰብሁ፣ የተበጠሰውን ክር አሰብሁ፣ ሽፋኑ ሳስቶ ነው ያሉትን አሰብሁ፣ በድርብ ክር የተሰፋውን ጀርባ አሰብሁ። ምልክቱን የጠለፉበትም ማንም ደፍሮ ልብሱን እንዳያነሳው ኖሯል። አፈርሁ። እንዲያ ስንቃቸው ስለከረምሁ አፈርሁ፤ ንዴትም ነበረኝ፣ በአንገቴ ሲጫወቱ ማን ጠየቀኝ ብዬ። ያሰብሁትን ከፊቴ ያነበቡት ይመስለኛል።

"አሳልፌ የምሰጥህ መሰለህ? የምናገረውን ሳጠና ነው የከረምኩት፤ እግሩ ላይ መውደቁን ሳይቀር" አሉ።

"ሦስት እጥፍ ይበቃዋል፣ እትዬ። ኋላውን አጥብቀው ይስፉት" አልኋቸው። ቴሌግራፍ ቤት መዋሌ ለአገሬ የጠቀመው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ኮልፌ የሮማን ወሬ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም። ደምሴ፣ በሬዲዮው ስንት ጊዜ እንደሞተ እንጃ፣ ጎፈሬውን አሳድጎ በእግሩ ገባ። እህቱ ደጃፍ ላይ አቅፈውት ብዙ አለቀሱ፤ በዚያ ቤት ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ባሻ ንጋቱስ? ባሻ ንጋቱማ አርበኛ ሆነ። ሜዳሊያ በሚሰጡት ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ የጠላት ሬዲዮ በእኔ ቤት አፉን ሞልቶ ተናግሮ አያውቅም፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመስክር አለ። ውሸት አይደለም። እኔን ምስክር ጠራኝ። ወይዘሮ አጸደን አየኋቸው፤ እንዝርታቸውን ያሾራሉ፣ ራሳቸውን በጥቂቱ ነቀነቁልኝ። ከአርባ ዓመት ባላቸው ጋር የሚኖሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ምን አገባኝ። "ሬዲዮውን ያፈነው ከዚያው ቤት የወጣ እጅ ነው፣ አይቻለሁ" ብዬ መሰከርሁ። ሽማግሌዎቹ ባሻ ንጋቱን አቅፈው ሳሙት።

ሜዳሊያው ዛሬም እልፍኙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሄዳችሁ ለማየት ግን አትድከሙ፣ አይታይም። ዓይን እንዳይበላው ብለው ወይዘሮ አጸደ ልብስ ሰፍተውለታል። አንድ ቀን ባሻ ሳያየኝ ጫፉን ይዤ ቆጠርሁት፤ ባናው ሦስት እጥፍ ነው።